ያገለገለ ባትሪ ከነአሲዱ ይሰብሰብ

የተለመደው ባለ 12 ቮልት፣ 60 አምፔር-አወር የመኪና ባትሪ ወደ 15 ኪሎ ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 10 ኪሎ ገደማው እርሳስና የእርሳስ ውህድ ነው፤ 4 ኪሎ ገደማው በውሃ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ሲሆን የቀረው ፕላስቲክ ነው። ባትሪው ከሞተ በኋላ ዋናውን ገንዘብ የሚያወጣው እርሳሱ ነው። ለአሲዱ የሚከፍል የለም፤ በሸክምም በጭነትም ይከብዳል። በዚህ ምክንያት ባትሪው ከመኪናው ወርዶ ሚዛን ላይ እስኪወጣ ባለው ጊዜ ውስጥ ክዳኑ ይከፈታል ወይም ጎኑ ይበሳል፣ ከዚያም ይዘቀዘቃል። አሲዱ ወደ ቦይ፣ ወደ አጥር ሥር ወይም ወደ ጋራዡ ጓሮ ይሄዳል።

ስለ ባትሪ ብክለት ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያስበው የማቅለጫውን ጭስ ነው። ጭሱ በእርግጥም ገዳይ ነው። ሆኖም ማቅለጫዎች በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ አሲድ የሚደፋባቸው ቦታዎች ግን በየከተማው፣ በየሠፈሩ ተበትነዋል። ባትሪ ከነአሲዱ ካልተሸጠና ከነአሲዱ ካልተጓጓዘ፣ በሰንሰለቱ መጨረሻ የቱንም ያህል ዘመናዊ ፋብሪካ ቢቆም የሚደርሰው መንገድ ላይ መርዙን አራግፎ ለመጣ ዕቃ ነው። እስካሁን በአገራችን ያለው ውይይት ይህን የመጀመሪያ እርምጃ ዘሎት ያልፋል።

ጉዳዩን አሁን ማንሳት ያስፈለገው የባትሪው ብዛት እየጨመረ ስለሆነ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ብዙ ሰው የእርሳስ ባትሪ ዘመን ያበቃ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከትልቁ የሊቲየም ባትሪ ሌላ ለመብራት፣ ለበርና ለኮምፒውተር የሚያገለግል ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ይዘዋል። ከርካሾቹ ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ደግሞ ጭራሹን የሚነዱት በተከታታይ በተያያዙ አምስት ወይም ስድስት የእርሳስ ባትሪዎች ነው። በዚህ ላይ የገጠሩ የሶላር ባትሪ፣ የቴሌኮም ማማዎች፣ መብራት ሲጠፋ የባንክና የሆስፒታል ኮምፒውተር የሚይዘው ዩፒኤስ አለ። ለሶላር የሚሆን ባለ 200 አምፔር-አወር ባትሪ ብቻውን 60 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። እነዚህ ባትሪዎች ደጋግመው ከግማሽ በታች ሲወርዱ፣ ለሳምንታት ባዶ ሲቀመጡ ወይም እንደ አፋርና ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ሲሠሩ ዕድሜያቸው በጣም ያጥራል። የባለሙያዎች የተለመደ ስሌት ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው።

አሲዱ ሲደፋ ምን ይሄዳል?

ብዙ ጋራዦች የሚደፉትን ነገር «የባትሪ ውሃ» ብለው ያቃልሉታል። ሙሉ በሙሉ ቻርጅ የሆነ ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እፍጋቱ የውሃ 1.28 እጥፍ ያህል ነው፤ ከክብደቱ 37 በመቶ ገደማ ንጹሕ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። የሞተ ባትሪ አሲድ ይቀጥናል፣ እፍጋቱም 1.12 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ከመሬቱ ጋር የሚቀረው መከራ ግን ከአሲዱ ይበልጥ አብሮት የሚወጣው ጭቃ ነው። ባትሪው በሠራባቸው ዓመታት ከፕሌቶቹ (በውስጡ ከተደረደሩት የእርሳስ ሰሌዳዎች) የረገፈው የእርሳስ ዱቄት ከሥር ይጠራቀማል፤ ሲዘቀዘቅ አብሮ ይፈስሳል። አሲዱ ሲሚንቶ ይበላል፣ ቱቦ ይበሳል፣ በጊዜ ብዛትም በአፈሩ ይዳከማል። እርሳሱ ግን አይበሰብስም፣ አይተንም፣ በዝናብም እምብዛም አይሰርግም። የላይኛው ጥቂት ሴንቲሜትር አፈር ላይ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ልጅ የሚጫወተው፣ ዶሮ የሚጭረው፣ ነፋስ የሚያነሳው ያው የላይኛው አፈር ነው።

የሕፃን ሰውነት ከዋጠው እርሳስ እስከ ግማሽ ያህሉን ወደ ደም ሊያስገባ ይችላል፤ የአዋቂ ሰው ከአሥር እጅ አንድ ያህሉን ነው። ብረትና ካልሲየም ያነሰው ልጅ ደግሞ የበለጠ ይመጥጣል። ደም ውስጥ የገባው እርሳስ በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ አጥንት ውስጥ የገባው ግን ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ይቀመጥና በእርግዝና ጊዜ ተመልሶ ወደ ደም ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ከተገኘም ምንጩ እንዲፈለግና እንዲወገድ ይመክራል። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከሦስት ሕፃናት አንዱ፣ ማለትም 800 ሚሊዮን ያህሉ፣ በዚህ መጠን ወይም ከዚያ በላይ እንደሚገኙ ገምቷል።

ጉዳቱ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል በሴኔጋል ታይቷል። በዳካር ዳርቻ ቲያሮይ-ሱር-ሜር በሚባል ቦታ፣ ንጋኝ ዲያው በተባለው ሠፈር፣ ነዋሪዎች ከባትሪ የወጣ እርሳስ የተቀላቀለበትን አፈር እየነፉ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባሉት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። በመጀመሪያ ምክንያቱ አልታወቀም፤ በኋላ በተደረገ ምርመራ የሟቾቹ እኅትና ወንድሞች፣ እናቶቻቸውም ጭምር በእርሳስ ተመርዘው ተገኙ። በኬንያ ሞምባሳ የኦዊኖ ኡሁሩ ነዋሪዎችም ከጎናቸው በነበረ የባትሪ ማቅለጫ ምክንያት ለዓመታት ተሟግተው፣ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ ፈርዶላቸዋል። ክርክሩ በይግባኝ ገና ብዙ ዓመት ቀጠለ፤ የሞተ ልጅ ደግሞ በካሳ አይመለስም።

ባትሪ ሲፈታና ቻርጅ ሲደረግ

ከመኪና ላይ ሲፈታ መጀመሪያ ኔጋቲቩ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩ ይነሣል፤ ሲታሰር ደግሞ ፖዘቲቩ ይቀድማል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የመኪናው አካል በሙሉ ከኔጋቲቩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፖዘቲቩን በሚፈታ መፍቻ አካሉን መንካት አጭር ዙር ይፈጥራል። በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ያልፋል፤ መፍቻው ይግላል፣ ቀለበት ያደረገ ጣት ሊቃጠል ይችላል። ሞቷል የተባለ ባትሪም ሞተር አያስነሳ እንጂ ብልጭታ ለመፍጠር አቅም አያጣም።

ብልጭታው ለምን እንደሚያስፈራ ለማወቅ የቻርጅ ቤቱን አየር ማስላት ይበቃል። ባትሪ ከሞላ በኋላ የሚገባው ኤሌክትሪክ ውሃውን ይከፋፍልና ሃይድሮጅን ይለቃል። አየር በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ባለ 12 ቮልት (ባለ ስድስት ሴል፣ ማለትም ስድስት ክፍል) ባትሪ በእያንዳንዱ ትርፍ አምፔር-አወር፣ ማለትም አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲገባ፣ 3.5 ሊትር ያህል ሃይድሮጅን ይለቃል። አሥር ባትሪ በተከታታይ አያይዞ ሞልተው ሳለ በ10 አምፔር መቀጠል በሰዓት 350 ሊትር ማለት ነው። ሁለት በሁለት ሜትር ሆና ጣሪያዋ 2.5 ሜትር የሆነች ዝግ ክፍል 10 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች፤ ከአየሩ 4 በመቶው ሃይድሮጅን ሲሆን መፈንዳት ይችላል፣ ይኸውም 400 ሊትር ነው። ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ይበቃል። ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ስለዚህ አየር ማውጫው ከላይ፣ ማስገቢያው ከታች መሆን አለበት። በር ብቻ ከፍቶ ጣሪያውን መድፈን አያድንም። ቻርጀሩ ሳይጠፋ ሽቦ መንቀል፣ ባትሪው አጠገብ ሲጋራ ማጨስና ብረት መበየድ ደግሞ ፈጽሞ መታሰብ የለበትም።

የጎደለ ባትሪ የሚሞላው በተጣራ ውሃ ብቻ ነው። የሚተነውና የሚከፋፈለው ውሃው እንጂ አሲዱ ስላልሆነ አሲድ መጨመር ፕሌቱን ያስበላዋል። «እናድሳለን» በሚሉ ቤቶች በሞተ ባትሪ ላይ አዲስ አሲድ መገልበጥ የተለመደ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ቮልቴጁን ከፍ ያደርግና ባትሪውን ይጨርሰዋል፣ የተደፋው አሮጌ አሲድ ግን ቦዩ ውስጥ ይቀራል። የጠነከረ አሲድ ማቅጠን የግድ ከሆነ አሲዱ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይጨመራል። ውሃ ወደ አሲድ ከተጨመረ ወዲያው ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።

ዓይን ውስጥ አሲድ ከገባ ሳይዘገይ በንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ሽፋኑን ከፍቶ ማጠብ፣ ከዚያ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ዓይን ላይ ሶዳም ሆነ ሌላ ማርከሻ አይደረግም። ባትሪ የሚነካ ጋራዥ ሁሉ ቧንቧው ቢቋረጥ እንኳ የሚበቃ 20 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጀሪካን አጠገቡ ሊያኖር ይገባል።

ፈስሶ ከተገኘ

ማርከሻው በእፍኝ ግምት ሳይሆን በሂሳብ ይዘጋጅ። የሞላ ባትሪ አንድ ሊትር አሲድ ለማርከስ 800 ግራም ያህል ቤኪንግ ሶዳ ወይም 360 ግራም ያህል በውሃ የተፈታ ኖራ ያስፈልጋል፤ የሞተ ባትሪ አሲድ ከዚህ ግማሽ ባነሰ ይበቃዋል። ያልተፈታ ኖራ አይሆንም፤ ራሱ በኃይል ይግላል። በመጀመሪያ ዙሪያው በአሸዋ ይታጠራል። ከዚያ ማርከሻው ከዳር ወደ መሀል እየተበተነ አረፋው እስኪቆም ይጠበቃል፣ በፕላስቲክ አካፋም ይታፈሳል። የሰጋቱራ ብናኝ አሲድ ለመምጠጥ አይጠቅምም፤ ከአሲዱ ጋር ይግላል። የረከሰው ጭቃ አሲድነቱ ጠፋ እንጂ እርሳሱ አልጠፋም። ክዳን ባለው የፕላስቲክ በርሜል ተይዞ ከባትሪዎቹ ጋር ወደ ተፈቀደለት ተቀባይ ይሄዳል።

ጭነት

በዓለም አቀፉ የአደገኛ ዕቃ ምደባ አሲድ ያለበት ባትሪ ክፍል 8፣ ማለትም አካልና ብረት የሚበሉ ነገሮች ውስጥ ነው፤ መለያ ቁጥሩ 2794 ነው። እንዳይፈስ ሆኖ የተሠራው ዝግ ባትሪ 2800 የሚል ቁጥር አለው። ይህ ሁለተኛው «ደረቅ» ስለሚባል አሲድ የሌለው የሚመስላቸው አሉ። አሲዱ በመስታወት ክር ውስጥ ተመጥጦ ወይም እንደ ጄል ረግቶ አለ፤ ሲሰነጠቅ ያንጠባጥባል፣ ሲሰበርም የሚወጣው እርሳስ ያው ነው።

አጫጫኑ እንዲህ ነው። የመኪናው ወለል በወፍራም ፕላስቲክ ይሸፈናል። ባትሪዎቹ ቀጥ ብለው፣ ክዳናቸው ወደ ላይ ሆኖ በእንጨት ፓሌት ላይ ይደረደራሉ፤ ተርሚናላቸው (ሽቦ የሚታሰርበት ጫፍ) በቴፕ ወይም በፕላስቲክ ቆብ ይሸፈናል። በየድርድሩ መካከል ወፍራም ካርቶን ይገባል፣ ከሦስት ድርድር በላይም አይወጣም። ይህ የሆነው የላይኛው ክብደት የታችኛውን ተርሚናል ወደ ውስጥ ስለሚገፋ፣ ክዳኑም ስለሚሰነጠቅ ነው። ሙሉው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በቀበቶ ከፓሌቱ ጋር ይታሰራል። የተሰነጠቀ ባትሪ በድርድሩ ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው አሲድ በሚችል ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ይቆማል። ጎማ፣ ብረትና መሣሪያ አብሮ አይጫንም። ከሁሉ በላይ እህል፣ አትክልትና የእንስሳት መኖ በዚያው ጭነት ላይ መደረብ የለበትም። የሕዝብ ማመላለሻ ወንበር ሥር ባትሪ አስተኝቶ መሄድ በብዙ መስመር ይታያል፤ ይህ ለተሳፋሪው እግርም ለሕፃኑም አደጋ ነው።

መሰብሰቢያው ቦታ ጣሪያ ያስፈልገዋል። ወለሉ አሲድ የማይበላው ሆኖ ወደ አንድ ዝግ ጉድጓድ ያዘነበለ፣ ከከተማው ፍሳሽ ጋር ያልተገናኘ ሊሆን ይገባል። ዝናብ የሚያገኘው የባትሪ ክምር ዓመቱን ሙሉ የእርሳስ ውሃ ያመነጫል።

ቤት ድረስ የሚከተለው ዱቄት

በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው አሲዱን ይፈራል፤ ያቃጥላልና። እርሳሱን አይፈራውም፤ አያቃጥልም፣ አይሸትም። ሆኖም የሚገባው በእጅና በአፍ ነው። ባትሪ እየሰበሩ ጫት መቃም፣ በዚያው እጅ እንጀራ መቁረስ፣ ሥራ ቦታው ላይ ቡና ማፍላት ዋናዎቹ መንገዶች ናቸው። የሥራ ልብስ እዚያው ወልቆ እዚያው ይታጠባል፤ ከቤተሰብ ልብስ ጋር ከታጠበ መርዙ ወደ ሕፃኑ ልብስ ይሻገራል። ወለል በደረቁ አይጠረግም፤ በውሃ ርሶ ይወለወላል። ተራ የጨርቅ ጭምብል የእርሳስ ብናኝ አይዝም።

ወተት መርዙን ያጥባል የሚለው እምነት በየፋብሪካው አለ። ወተት እርሳስን ከሰውነት አያወጣም። በቂ ካልሲየምና ብረት ያለው ምግብ የሚመጠጠውን መጠን ይቀንሳል፤ ከዚያ ያለፈ አይሠራም። በሥራው ላይ ያለ ሰው የደም እርሳስ ምርመራ በየጊዜው ሊደረግለት ይገባል። የማያቋርጥ የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ የደም ማነስና የእጅ አንጓ መዛል ሲታይም ሠራተኛው ሥራውን ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ ካልተናገረ የሆድ ቁርጠቱ እንደ ጨጓራ ታይቶ ይታለፋል።

አንድ ቃል ለቤት እመቤቶችና ለገበሬዎች። አሮጌ የባትሪ ሳጥን ለአበባ መትከያ፣ ለዶሮ ውሃ፣ ለከብት መኖ አይሁን። ፕላስቲኩ ቢታጠብም የእርሳስ ጭቃው ከጥጋጥጉ አይወጣም።

ዋጋው የሚወስነው ነገር

በመጥረቢያ የተፈለጠ ባትሪ በከሰል ሲቀልጥ የሚገኘው በዋናነት የፕሌቱ ፍርግርግ ነው፤ ብረታዊ እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣልና። ከባትሪው እርሳስ ውስጥ ትልቁ ክፍል ግን በፍርግርጉ ላይ የተለጠፈው ሊጥ፣ የእርሳስ ኦክሳይድና ሰልፌት፣ ነው። እሱን ወደ ብረት ለመመለስ ድኝን የሚይዝ ተጨማሪ ነገር፣ 1000 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚደርስ ምድጃ፣ ከላይም አቧራ የሚይዝ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ጓሮ ውስጥ የሚያቀልጠው ሰው ይህን ሊጥ በአመድ ወይም በጭስ ያጣዋል። የሚጠፋው ሀብትም መርዝም ነው።

ያም ሆኖ የጓሮ አቅላጩ ከሕጋዊው ፋብሪካ የተሻለ ዋጋ መስጠት ይችላል። የአሲድ ማከሚያ፣ የማጣሪያ፣ የሠራተኛ ምርመራ ወጪ የለበትም። ስለዚህ ገበያው ለራሱ ከተተወ ባትሪው ሁልጊዜ ወደ ባሰው እጅ ይሄዳል።

የመጀመሪያው መፍትሔ ሚዛኑ ላይ ነው። ለምሳሌ አሲዱ የተደፋ ባትሪ በኪሎ 100 ብር ይገዛል እንበል፤ አሲዱ የተደፋው 11 ኪሎ ባትሪ 1,100 ብር ያወጣል። ገዢው ከነአሲዱ ያለውን 15 ኪሎ በኪሎ 73 ብር ቢገዛ ሻጩ ያንኑ ገንዘብ ያገኛል። አሁን ገዢው አሲዱ የተደፋን ባትሪ በዚያው በ73 ብር ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ የደፋው ሰው 300 ብር ያህል ይከስራል። ማንም ሰባኪ ሳያስፈልገው አሲዱ ባትሪው ውስጥ ይቆያል። በውሃ ሞልቶ የሚያመጣ ቢኖር የፈሳሽ እፍጋት የሚለካው ሃይድሮሜትር ያጋልጠዋል፤ በሁሉም ሴል 1.00 የሚያነብ ባትሪ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች አዲስ ባትሪ የሚገዛ ሰው መያዣ ይከፍላልና አሮጌውን ሲመልስ ገንዘቡን ያገኛል፤ እዚያ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን አሠራሩን ያውቁታል። የአገራችን የባትሪ አስመጪዎችም ይህን ለመጀመር ፋብሪካ እስኪሠራ መጠበቅ የለባቸውም።

ሁለተኛው ቁልፍ ጨረታው ነው። ከአንድ ባለመኪና ይልቅ ብዙ ባትሪ የሚያስወግዱት ትልልቆቹ ተቋማት ናቸው፤ ያገለገለ ባትሪያቸውንም ከአሮጌ ጎማና ከቁርጥራጭ ብረት ጋር አንድ ላይ «ለከፍተኛ ዋጋ አቅራቢ» ሲሸጡ በጋዜጣ ማስታወቂያ ይታያል። በባትሪ ላይ ከፍተኛ ዋጋ የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ ለአካባቢ ምንም የማያወጣው ተጫራች ነው። ኢትዮጵያ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወርበትን መንገድ የሚቆጣጠረውን የባዝል ስምምነት ካጸደቀች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ በስምምነቱ የእርሳስ ባትሪ ቆሻሻ በግልጽ አደገኛ ተብሎ ተመድቧል። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም አለ። ስለዚህ ባትሪ በተራ የቁርጥራጭ ጨረታ ውስጥ ቦታ የለውም።

ለብቻው ሲወጣ ሰነዱ ላይ ሊጻፉ የሚገባቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው። ተጫራቹ አደገኛ ቆሻሻ ለመሰብሰብ ወይም ለማከም ፈቃድ ያቅርብ። ባትሪው ከነአሲዱ ተመዝኖ ይውጣ፤ መድረሻው ላይ ተመዝኖ ልዩነቱ ከጥቂት በመቶ ካለፈ ገንዘቡ ከዋስትናው ይቆረጥ። ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የተቀባዩ አገርና ጭነቱ የሚያልፍባቸው አገሮች በቅድሚያ በጽሑፍ የሰጡት ፈቃድ ከሰነዱ ጋር ይያያዝ። አገር ውስጥ የሚቀልጥ ከሆነ ከአንድ ቶን ባትሪ ከ600 ኪሎ በላይ እርሳስ መገኘት ስላለበት፣ አቅላጩ የወጣውን እርሳስና የቀረውን ዝቃጭ በኪሎ ያሳውቅ። ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ቁጥር ከመጣ፣ የጎደለው እርሳስ ጭስ ሆኖ ወጥቷል ወይም አፈር ላይ አለ፤ የመጨረሻው ክፍያ ከመጽደቁ በፊትም ቦታው ይመርመር።